የእህቱ ምስክርነት

«የሥጋ ወንድሟን ከቤት አስወጥታ የሰው ልጅ ያስገባች ሴት ናት እኮ!» አሉ አክስትየዋ፣ ያንሾካሾኩ መስሏቸው።

ጆሯቸው ከደከመ ወዲህ የእሳቸው ሹክሹክታ ግድግዳ ይሻገራል። ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞች አንገታቸውን ደፉ። የሻይ ትሪ ይዛ በወንበሮቹ መካከል ትመላለስ የነበረችው ወጣት ነርስ ቆም አለች። ከዚያ ምንም እንዳልሰማ ሰው የመጨረሻውን ብርጭቆ ለአንድ ጎረቤት አቀብላ ወደ ወጥ ቤት ገባች።

አናጢው በዓይኑ ተከተላት። የሟች ታናሽ ወንድም እሱ ነው፤ ከቤት ወጣ የተባለውም እሱ። ሦስት ቀን ሙሉ ሶፋው ላይ ተቀምጦ «እግዜር ያጽናህ» የሚለውን ሁሉ ሲጨብጥ፣ እህቱ ያሳደገቻት ይህች ልጅ አንዴም አጠገቡ አልተቀመጠችም። ብርጭቆ ስታጥብ፣ ወንበር ስታቀራርብ ነው የሰነበተችው። ሥራ በዝቶባት ነው ብሎ ነበር። አሁን ገባው።

«አክስቴ፣ ይህን ማን ነገረዎት?»

«ማን ይንገረኝ? አንተው ነሃ! ሻንጣህን አንጠልጥለህ እኔ ቤት የመጣህ ቀን ‹ለማታውቃት ልጅ ብላ ጣለችኝ› ያልከኝ ማን ነው?»

እውነታቸውን ነው፤ ብሎ ነበር።

አሥራ ስድስት ዓመት አልፎታል። እህቱ ያኔ ወላጅ ያጡ ልጆችን በአደራ ሊያሳድጉ የሚጠይቁ ሰዎችን ማንነት የምታጣራ የመንግሥት ሠራተኛ ነበረች። የፖሊስ ማስረጃ ታስመጣለች፣ ጎረቤት ትጠይቃለች፣ ቤት ገብታ መድኃኒት የት እንደሚቀመጥ፣ የልጁ ክፍል ከውስጥ ይሁን ከውጭ እንደሚቆለፍ ታያለች። «ደግ ሰው ነው» የሚል ምስክርነት አይዋጥላትም። «ለማን ነው ደግ?» ትላለች። «ማንም ሳያየውስ?» አንድ ጊዜ ሰፈሩ ሁሉ የሚያከብረው ሰው ቤት ሄዳ፣ ውሻው ጌታውን ሲያይ ጠረጴዛ ስር ሲገባ ተመለከተች። ውሻ ምስክር አይሆንም። እሷ ግን ከዚያ ተነስታ ስትጠይቅ ስታጠያይቅ የሰውየውን የቀድሞ ሚስት አገኘች፤ ሴትየዋም እሱ የሰበረውን ክንዷን አሳየቻት። ማመልከቻው ውድቅ ሆነ። ሰፈሩ እህቱን ዓመት ሙሉ ሲያማት ኖረ፤ እሷ ግን እንቅልፏን ለጥ ብላ ተኛች።

በኋላ እሷ ራሷ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ ለመውሰድ አመለከተች። ራሷን ማጣራት ስለማትችል፣ ሥራውን ከእሷ የተማረች ወጣት መርማሪ ተላከች። ወጣቷ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ በሀፍረት አቀረቀረች።

«እርስዎን ምን ብዬ ልጠይቅ? ዝም ብዬ ልፈርምልዎት።»

«ከፈረምሽ አለቃሽ ጋ ነው የምከስሽ» አለች እህቱ። «ተነሺ፣ ሁሉንም ክፍል ክፈቺ። ከዚያ ቤቱ ውስጥ ማን ማን እንደሚኖር ጠይቂኝ።»

«ማን ማን ይኖራል?»

«እኔና ታናሽ ወንድሜ። ወንድሜ ይጠጣል። ሲጠጣ እጁን መቆጣጠር አይችልም፤ ሰው ደብድቦ ሦስት ወር ታስሯል። ጻፊው።»

አናጢው ከሥራ ገብቶ በሩ ጋ ቆሞ ነበር። ሁሉንም ሰማ። መርማሪዋ እንደወጣች ጮኸ፣ ወንበር ገለበጠ፣ «ለባዕድ ሸጥሽኝ!» አለ። እህቱ ወንበሩን አንስታ ተቀመጠችበት።

«እኔ አውቅሃለሁ» አለችው። «ስትጮህ እንደማትነካኝ አውቃለሁ። ልጅቷ ግን በምን ታውቃለች? ከሚጮህ ሰው ቤት ነው የወጣችው። ወንድሜ መሆንህን የሚፍቅ የለም፤ እዚህ ቤት ማደር ግን አትችልም።»

በማግስቱ ወጣ። ዓመት ሙሉ አላናገራትም። ለአክስቱም፣ ለሥራ ባልደረቦቹም፣ ለሰማው ሁሉ «ጣለችኝ» አለ። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን ለማንም አልተናገረም።

ተነስቶ ወደ ወጥ ቤት ሄደ። ልጅቷ ጀርባዋን ሰጥታ ብርጭቆ ታለቀልቃለች።

«ነገ ሥራ እገባለሁ» አለች ሳትዞር። «ሆስፒታሉ ሰው ጎድሎታል። እናንተ ቤተሰቦቹ ካላችሁ…»

«እናንተ ቤተሰቦቹ?»

ዞረች። ዓይኗ ቀልቷል፣ ድምጿ ግን ጽኑ ነበር፤ ቁርጥ የእህቱ ድምፅ። «አጎቴ፣ እውነቱን ንገረኝ። በእኔ ምክንያት ነው የወጣኸው?»

«በራሴ ምክንያት ነው የወጣሁት። ነይ፣ ለሁሉም አንዴ ልናገር። ሁለት ጊዜ የሚሆንልኝ አይመስለኝም።»

አብረው ሳሎን ገቡ። አናጢው አልተቀመጠም።

«አክስቴ፣ ያኔ የነገርኩዎት ግማሹን ነው። እህቴ ስለ እኔ ያስጻፈችው አንድም ሐሰት አልነበረበትም። የተናደድኩት ስለዋሸች አይደለም፣ ስላልዋሸች ነው። ስወጣ የጠጣሁትን ጠጣሁ። አንድ ቀን በትምህርት ቤት አጥር በኩል ሳልፍ ይህች ልጅ ከጓደኞቿ ጋር ስትስቅ አየኋት። ከመውጣቴ በፊት እህቴ ለጉብኝት ስታመጣት መሳቅ አታውቅም ነበር። መጠጡን ያን ሳምንት ተውኩ።»

«ታዲያ ለምን አልተመለስክም?» አሉ አክስቱ፣ አሁን በእውነት ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ተመለስኩ እንጂ! ‹ድኛለሁ፣ ልግባ› አልኳት። ‹እሰየው፣ ቅጹን ሙላ› አለችኝ።»

አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ሌሎቹም ተከተሉት። አክስትየዋ እንኳ አፋቸውን በሻርፓቸው ሸፈኑ።

«አሻራ ሰጠሁ። ሐኪም መረመረኝ። ያቺው መርማሪ አሠሪዬን፣ ጎረቤቶቼን፣ የደበደብኩትን ሰውዬ ሳይቀር ጠየቀች። ሁለት ዓመት ሳልጠጣ መቆየቴን ካረጋገጡ በኋላ ነው ቤቷ መግባት የተፈቀደልኝ። ደብዳቤው የመጣ ቀን እህቴ አነበበችው፣ አጠፈችው፣ ከዚያ ነጠላ ጫማዋን አጥልቃ ‹ገበያ ደርሼ ልምጣ፣ ልጅቷን ጠብቅ› ብላኝ ወጣች። ምንም የምትገዛው አልነበራትም። ባዶ እጇን ነው የተመለሰችው። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን የከበርኩበት ቀን የለም።»

ወደ ልጅቷ ዞረ። «አንቺ የሒሳብ የቤት ሥራ ይዘሽ አጠገቤ መጣሽ። እኔ ደግሞ አላውቀውም።»

«አንተም ሁሉንም ተሳስተህ ሠራህልኝ» አለች ልጅቷ። «ከአሥር ሁለት አገኘሁ።»

አክስትየዋ ሰውነታቸውን እንደምንም አንቀሳቅሰው ሶፋው ላይ ጠጋ አሉ። «ነይ ልጄ፣ እዚህ ጋ ተቀመጪ። ሻዩን ከፈለጉ ራሳቸው ይቅዱ።»

ልጅቷ በእሳቸውና በአጎቷ መካከል ተቀመጠች። እጇ ከብርጭቆው እጥበት ገና እርጥብ ነበር።

ወዲያው በሩ ተንኳኳና ማንም የማያውቃቸው ሽማግሌ ባርኔጣቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። እህቱ ድሮ አጣርታ ሁለት ወንድማማቾች በአደራ የሰጠቻቸው ሰው ነበሩ። ሰዉን ሁሉ በዓይናቸው ቃኙና ወንድ ፈልገው ቀጥታ ወደ አናጢው መጡ።

«እግዜር ያጽናህ ልጄ። የቅርብ ሰዋቸው አንተ ነህ?»

አናጢው የተዘረጋለትን እጅ በሁለት እጁ ተቀበለ። ሦስት ቀን እምቢ ያለው እንባ መጣበት። የሽማግሌውን እጅ ሳይለቅ ቀስ ብሎ ወሰደና በልጅቷ እጅ ላይ አኖረው።