የተነባበረ ክንፍ

የወርቅውሃ የሞተውን ዝንብ ነጭ ሰሃን ላይ በሆዱ አስተኛችውና በመርፌ ጫፍ ክንፎቹን ግራና ቀኝ ገለጠቻቸው። አንደኛው ተመልሶ ልከደን ሲል ጣቷን በምራቅ ነክራ ለጠፈችው። ለፎቶ የሚቀርብ ነገር ተስተካክሎ ነው መቅረብ ያለበት። ሰው ነጠላውን ያስተካክል የለ?

«አንተ የወርቅውሃ! ደግሞ ዝንብ?» አለች ዓፊያ ከአጥሩ ማዶ፣ የማንጎ ዘንቢሏን መሬት አስቀምጣ። «መታወቂያ ልታወጣለት ነው?»

ዓፊያ ከዳገቱ ላይ የምትኖር የቤርታ ሴት ናት። አማርኛን ከባምባሲ ገበያ ስለለመደች ሴቱንም ወንዱንም «አንተ» ትላለች። የወርቅውሃ አርማት አታውቅም።

«መታወቂያሽ ላይ ካለው ካንቺ ፎቶ የኔ ዝንብ ያምራል» አለቻት።

ዓፊያ ከት ብላ ሳቀች። ሳቋ ግን በረቱ ደጃፍ ላይ የታሰረውን በሬ፣ ወይኖን ስታይ ቆመ። ወይኖ የዳሌው አጥንት ወጥቷል፤ ጠጉሩ ቆሟል፤ ከዓይኑ የወረደው ውሃ ጉንጩ ላይ ጥቁር መስመር ሠርቷል።

«በሬው ከስቷል። ወላሂ፣ ትናንት ውሃ ሲወርድ እግሩ ይጎተታል። ለኔ ስጠኝ። የኔ ቤት ላይ ነው፤ ንፋስ ነው፤ ዝንብ የለም። ዝናብ እስኪመጣ እኔ ጋ ይቆይ።»

«ምን ሆኖ! ሣሩ አጥሮ ነው።»

«ሣር ለኔ ፍየልም አጥሯል። የኔ ፍየል አያለቅስም።»

የወርቅውሃ ወደ ሰሃኗ ጎንበስ አለች። ዓፊያም ዘንቢሏን አንስታ ዳገቱን ያዘችው።

ወንዝ ዳር ያሉትን ገበሬዎች የእንስሳት ሐኪሙ ሕብረት ከማንጎው ሥር ሰብስቦ ያነጋገራቸው ጥጥ ተለቅሞ ሳያልቅ ነበር። ከብት ላይ የሚያርፍ ዝንብ ስታገኙ ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ አላቸው። ስልክ ላይ የምትሰካ፣ ከሸሚዝ ቁልፍ የማትበልጥ አጉሊ መስታወትም ሰጣቸው። ዝንቡ ገንዲ የሚባለውን ከብት አክሳቂ በሽታ የሚያስተላልፈው ከሆነ በሬው መርፌ ይወጋል፤ ከዚያም ከወንዙ ርቆ ከፍ ያለ ቦታ ይከርማል። መርፌውን የወርቅውሃ አልፈራችም። የፈራችው ሁለተኛውን ነው።

ባሏ አምባው ከሞተ ወዲህ፣ ልጇ ትሩፋትም አሶሳ ትዳር ይዛ ከሄደች ወዲህ፣ በዚያ ግቢ ከእሷ ሌላ የሚተነፍስ ወይኖ ብቻ ነው። በረቱ ከመኝታዋ ግድግዳ ጋር የተያያዘ ነው። ሲመሽ ሲያመሰኳ ትሰማዋለች። አንዳንዴ ሲያቃስት «ምነው?» ትለዋለች። ትሩፋት «ነይ እኛ ጋ» ባለቻት ቁጥር «በሬዬን ለማን ትቼ?» ነው መልሷ።

የዝንቡን ፎቶ አንስታ ለሕብረት ላከችው። የወርቅውሃ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ብቻ ስለሆነ ሕብረት ሁልጊዜ በድምፅ ነው የሚመልስላት። ብዙ ሳይቆይ ስልኩ ጮኸ።

«እትዬ የወርቅውሃ፣ እንደምን ዋሉ? ፎቶው ጥርት ያለ ነው፤ እጅዎ ይባረክ። ጭንቅላቱ ስለተጨፈለቀ አፉን ማየት አልቻልኩም። ክንፉ ግን ግራና ቀኝ የተከፈተ ነው። የገንዲ ዝንብ ሲያርፍ ክንፎቹን እንደ ተዘጋ መቀስ ያነባብራቸዋል። ያነሱት እንዲሁ እንዳረፈ ከሆነ፣ ይሄ የገንዲ አይደለም።»

«አይደለም!» አለች ጮክ ብላ። ደግማ ከፈተችው። እንደገናም ከፈተችው። «እትዬ» ሲላት ደስ ይላታል። ቀኑን ሙሉ ስሟን በወግ የጠራት እሱ ብቻ ነው።

ፀሐይ ዘወር ሲል ወይኖን ፈትታ ወደ ወንዙ ወረደች። «ሰማህ? አይደለም ተብሏል» አለችው። ወይኖ ጠጥቶ ቀና ሲል፣ ከቁጥቋጦው አንድ ቡናማ ዝንብ መጥቶ አንገቱ ሥር አረፈ። ልትመታው እጇን አነሳች። እጇ እንደተነሳ ቀረ።

ዝንቡ ክንፎቹን አንዱን ባንዱ ላይ ደርቧል። ልክ እንደ ተዘጋ መቀስ።

ሰሃኑ ታወሳት። መርፌው ታወሳት። ምራቋም ታወሳት።

«እኔው ነኝ የዘረጋሁት» አለች።

ስልኩን ከጉያዋ አወጣች። የመጀመሪያው ፎቶ ጭጋግ ሆነ። ሁለተኛው የወይኖን ጆሮ ብቻ ያዘ። ዝንቡ እንዳይነሳ መጮህ አትችልም፤ ማባረርም አትችልም። ወይኖ ቆዳውን እያንቀጠቀጠ አየት ያደርጋታል፤ ሁልጊዜ የምትመታለት እሷ ነቻ። «ታገሠኝ የኔ ጌታ» አለችው በሹክሹክታ። የዝንቡ ሆድ በደሙ ቀልቶ እንደ ቀጋ ፍሬ ሲነፋ ቆማ እያየች አነሳችው። ያን ጊዜ ነው በጥፊ ያጋየችው፤ መዳፏ በደም ተለወሰ።

ሌላ ማንም ስላላየ ዝም ማለት ትችል ነበር። ወይኖ ውሃው ዳር ቆሞ ጠበቃት።

አዲሱን ፎቶ ለሕብረት ላከችና ጣቷን ስልኩ ላይ ተጭና ተናገረች፦ «ልጄ፣ ቅድም የላክሁትን ተወው። ክንፉን የከፈትሁት እኔ ነኝ፤ እንዲያምር ብዬ። ይሄኛው ግን እንዳረፈ ነው።»

መልሱን አልጠበቀችም። በሬውን ወደ ቤት በሚያዞረው መንገድ ሳይሆን በዳገቱ ነዳችው። ሲደክመው ትቆማለች፤ ሲነሳ ትነሳለች።

ዓፊያ ከደጇ ሆና አየቻቸው። ስለ መታወቂያ አልቀለደችም።

«ቦታ አለሽ?» አለች የወርቅውሃ።

«ለሱ አለ። ላንተም አለ። እዚህ እደር።»

«ቤት ባዶ አያድርም።»

«ራስህ ደረቅ ነው፣ አንተ ሴትዮ!»

የወርቅውሃ ገመዱን ከዋንዛው ግንድ ጋር አሰረችው፣ አጥብቃ። የወይኖን ግንባር አንዴ አከከችለትና ዞር ሳትል ቁልቁል ወረደች።

መንገድ አጋማሽ ላይ ስልኳ ጉያዋ ውስጥ ጮኸ። አውጥታ አየችው፤ የሕብረት ድምፅ ነው። የሚለውን አውቃዋለች። ጣቷን ወደ ስልኩ መስታወት ሰድዳ መልሳ ሰበሰበችው።

አልከፈተችውም። ሲመሽ፣ ግድግዳው ዝም ሲል ልትሰማው ስልኩን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ መንገዷን ቀጠለች።