የበር ላይ ስድብ

የድርቤ ስም ታተመ! ደሞ እንዲሁ በእጅ የተጻፈ እንዳይመስላችሁ፤ በማተሚያ ቤት፣ ቀለሙ ገና የሚሸት ወረቀት ላይ፣ «ወይዘሪት ድርቤ ታፋ፣ ከነቀምቴ» ተብሎ። የት? አዲስ አበባ፣ ዩኒቨርሲቲ! አስራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ገና አስረኛ ክፍል፣ መንገድ ላይ ያለችውን ባኮን እንኳ አይታ አታውቅም እኮ።

ወረቀቱን የሰጣት መምህር ገቢሳ ነው። እሱ ራሱ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነው፤ የአንድ ዓመት አገልግሎቱን እንዲጨርስ አማርኛ ሊያስተምር ነቀምቴ የተላከ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ፣ አንድ ኮት ብቻ ያለው ልጅ። ሰኞ ከትምህርት ሲወጡ በር ላይ ጠብቆ ሰጣትና፣ እስኪ አንብቢው አላት። እሷ ደሞ ስሟን ስታይ ማንበቡን ትታ ወረቀቱን ደረቷ ላይ ለጠፈችው። የክፍሏ ልጆች ከበቧት። አንዷ፣ እሜቴ ዩኒቨርሲቲ፣ ነገ ደብተራችንን ልትሸከሚልን ነው ወይስ ልንሸከምልሽ ነው ብላ አሾፈችባት። ሁሉም ሳቀ፤ እሷም ሳቀች።

ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ጉቶ ጊዳ ነው፣ በእግር አንድ ሰዓት ይሆናል። ያን መንገድ ሙሉ እያነበበች፣ እየተደናቀፈች ሄደች። የኪነ ጥበብ ሳምንት ይላል፣ በሚመጣው ሳምንት። ሰኞ ስለ ጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል አንድ ፕሮፌሰር ንግግር ያደርጋሉ። ከማክሰኞ ጀምሮ ኤግዚቢሽን አለ፤ ኤግዚቢሽን ምን እንደሆነ አላወቀችም፣ ግን ሳምንቱን ሙሉ ክፍት ነው ስለሚል የሚበላ ነገር አይደለም ብላ ደመደመች። ረቡዕ ቴያትር። ሐሙስ ከየጠቅላይ ግዛቱ የመጣ ዘፈንና ጭፈራ። ዓርብ በአስራ አንድ ሰዓት የግጥም ምሽት፣ እዚያ ላይ እሷ! ሁሉንም ማየት አማራት። ፕሮፌሰሩንም፣ ቴያትሩንም፣ ያንን ኤግዚቢሽን የሚባለውንም።

አባቷ ታፋ ማንበብ አይችልም፤ ሦስት ጊዜ አስነበባት። በሦስተኛው ላይ «ታፋ» የሚለው ጋ ስትደርስ ጣቱን አምጥቶ ፊደሉን ነካው። እናቷ ቀለሟ ግን ዝም ብላ ስትሰማ ቆይታ፣ ከስምሽ ሥር ያለው ትንሹ ጽሑፍስ ምንድነው አለቻት።

ድርቤ እሱን አላየችውም ነበር። ከስሟ ሥር እንዲህ ይላል፦ «የጭሰኛው ድምፅ። በጉቶ ጊዳ ባለ ርስት በግራዝማች መ. ላይ የተገጠመ።»

ግራዝማች መ. ማን እንደሆኑ ጉቶ ጊዳ ውስጥ የማያውቅ ላም እንኳ የለም። ግራዝማች መሸሻ ናቸው። ታፋ የሚያርሰው መሬት የሳቸው ነው፤ ቤቱ የቆመበትም፣ ቀለሟ ጎመን የዘራችበትም።

እንዴት እዚህ ተደረሰ? እንዲህ ነው። ከወር በፊት የድርቤ ታላቅ እህት ወርቂቱ ተዳረች። በነሱ አገር ሙሽራው ከአጃቢዎቹ ጋር ሲመጣ ልጃገረዶቹ በር ይዘጉና ይሳደባሉ። በዘፈን ነው፣ ግን ስድብ ነው፣ ጥርግ ያለ ስድብ። ሰውየው ትልቅ በሆነ ቁጥር ስድቡም ያድጋል፤ የተቆጣ ሰው መሳቂያ ይሆናል። ሙሽራው ደሞ የግራዝማች አሽከር ልጅ ስለሆነ ግራዝማች ራሳቸው በበቅሎ ከፊት መጡ። ልጃገረዶቹ ፈሩ። ድርቤ ግን አፏ መች ይታገሳል! እሳቸውም እንዲገባቸው በአማርኛ ለቀቀችው፦

በቅሎዋ አለቀሰች ኮርቻው ከበዳት፣
የአምስት ቤት ጎተራ በሆዱ ጭኖባት።
እኛ ስናጭድ ዋልን ፀሐይ ላይ በመስመር፣
እሱም ያጭዳል አሉ በጥርሱ፣ ከጥላ ሥር።

ግራዝማች በቅሎዋ ላይ ሆነው እስኪያስላቸው ሳቁ። ከዚያ ልጃገረዶቹ እንደ ደንቡ ማንሻውን ዘፈኑ። ማንሻ ማለት ስድቡን መልሶ የሚያነሳው ነው፤ እሱ ሳይዘፈን በር አይከፈትም፦

የበሩ ነው እንጂ የልብ አይደለም፣
ግቡ ግቡ እንግዶች፣ ቂም የለንም።

በቃ፣ አለቀ። ሰው ገባ፣ በላ፣ ጠጣ። ለሰርጉ ተጠርቶ የነበረው መምህር ገቢሳ በማግስቱ፣ ያን ግጥም ጻፊልኝ፣ ስለ ማን እንደሆነም ንገሪኝ አላት፤ ለዩኒቨርሲቲ ልልከው ነው አለ። ነገረችው፣ ጻፈችለትም። ማንሻውን ግን አልጻፈችውም። ለምን ትጽፈዋለች? ከስድብ በኋላ ማንሻ እንዳለ የማያውቅ ሰው አለ እንዴ? ገቢሳ ደሞ ልጅነቱን በሙሉ አዳሪ ትምህርት ቤት ያሳለፈ ልጅ ነው፤ ከዚያ ቀን በፊት የሰርግ በር ላይ ቆሞ አያውቅም፣ ማንሻውንም ሌላ ዘፈን ነው ብሎ አልፎታል። አዲስ አበባ ያሉት ተማሪዎችማ ከየት ያውቁታል! «የጭሰኛው ድምፅ» የሚለውን ርዕስ ያወጡለትም እነሱ ናቸው፤ እሷ ርዕስ አልሰጠችውም።

ገቢሳ የዚያኑ የፕሮግራም ወረቀት ሌላ ቅጂ ትምህርት ቤቱ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ለጥፎ ነበር። ማክሰኞ ጠዋት ወረቀቱ የተያዘባቸው አራት መርፌዎች ብቻ ነበሩ። ወረቀቱ የለም። መርፌዎቹ ደሞ አልተነቀሉም፤ በየማዕዘኑ ቁራጭ ወረቀት ነክሰው ቀርተዋል።

ረቡዕ በላይ መጣ። በላይ የግራዝማች ወኪል ነው፣ ድምፁ ዝቅ ያለ፣ ሁልጊዜ ነጭ ጋቢ የሚለብስ ሰውዬ። አካም ጅርታ፣ ኦቦ ታፋ፣ ብሎ እጅ ነስቶ ሰላምታ ሰጠ። ከዚያ ማሳውን በዳር በዳሩ ዞረው። ጥግ ሲደርስ ቆም ይልና ወደ ቤቱ ያያል፣ ደሞ ይሄዳል። አንድም ቃል አልተናገረም። ሲጨርስ ቀለሟ የሰጠችውን ውኃ ጠጥቶ አመስግኖ ወጣ። ታፋ ያን ቀን በሬዎቹን ፈቶ ተቀመጠ፤ ገና ቀትር ነበር።

ሐሙስ የአማርኛ ክፍለ ጊዜ ላይ መምህር ገቢሳ አልመጣም። ዳይሬክተሩ ገብተው መምህሩ ወደ ቤጊ ተዛውሯል አሉና ወጡ። በዓመቱ መሃል! ወደ ሱዳን ጠረፍ! ድርቤ መምህሩ ቡርቃ ጃቶ ሰፈር የተከራያት ክፍል ድረስ ሮጠች። በሩ ክፍት ነው። ያቺ አንዷ ኮቱ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥላለች፣ የተማሪዎች ደብተር ግማሹ ታርሞ ግማሹ ሳይታረም ተከምሯል። አከራይዋ፣ ሁለት ሰዎች በላንድሮቨር መጥተው ነበር፣ ኮቴን ልልበስ ሲላቸው እዚያ ሙቀት ነው አሉት ብለው ነገሯት።

ድርቤ ይሄኔ ነው ማንሻው ትዝ ያላት። እንዴት እስካሁን አላሰበችውም? ስድብ በማንሻ ነው የሚያልቀው! ቅዳሜ ጠዋት ለማንም ሳትነግር ነጠላዋን አጣፍታ ግራዝማች ቤት ሄደች።

በሩን ራሱ በላይ ከፈተላት። ግራዝማች ደጅ ጥላው ውስጥ ተቀምጠው ነበር፤ ጭናቸው ላይ አራቱም ማዕዘኑ የተቀደደ ወረቀት አለ። በርጩማ አስመጡላት። የእህቷን ደህንነት ጠየቁ፣ አማቾቿ እንዴት እንደያዟት ጠየቁ። እሷም፣ ጌታዬ፣ ያኔ ስጽፈው ማንሻውን ረስቼው ነው፣ ልበልልዎ አለችና ብቻዋን ዘፈነችው። ያለ ጭብጨባ፣ ያለ ልጃገረዶቹ። ድምፏ ለራሷም የሌላ ሰው መሰላት። ግራዝማች እስከ መጨረሻው ሰሟት።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ግን ይሄ የሰርግ ነው፣ ልጄ። ሰርጉ ደሞ አልፏል።»

«አዲስ አበባም እዘፍነዋለሁ፣ ጌታዬ። ከስድቡ ቀጥዬ እለዋለሁ።»

«እዚያ ያለ ሰው ማንሻ ምን እንደሆነ ያውቃል?»

መልሱን ራሳቸው ሰጡ።

«አያውቅም። ፈርታ ነው ይላል። እኔን የሚያስፈራ ሰው ያደርገኛል፤ ከስድቡ ይብሳል።» ወረቀቱን ጭናቸው ላይ በመዳፋቸው አስተካከሉት። «ስሚኝ። የታተመውን እንዳለ አንብቢ። ካነበብሽው ያንቺ ነው ማለት ነው፤ ያንቺ ከሆነ ደሞ አባትሽ ሌላ መሬት ይፈልግ። ካላነበብሽው ወይም ከቀረሽ፣ የመምህሩ ነው ማለት ነው፤ በሕፃን ስም ሕዝብ ለማነሳሳት የጻፈው። ያኔ ቤጊ አይበቃውም። እኔ አንዱንም አላዝሽም። የማን እንደሆነ ብቻ ማወቅ እፈልጋለሁ።»

ከዚያ ለመንገዷ ስንቅ እንዲቋጠርላት አዘዙ። ሴት ልጅ ብቻዋን መንገድ አትወጣም፣ በላይ አብሯት ይሄዳል አሉ።

ቤት ስትገባ ሁሉንም ተናገረች። ቀለሟ አላለቀሰችም። እኛ አለን፣ ተሰብስበን አለን፤ ያ ልጅ ግን ለእናቱ አንድ ይሁን ሁለት እንኳ አናውቅም አለች፤ ከዚያ ወጥታ ጎመኑን ስታይ ቆየች። ድርቤ አባቷ እንዲቆጣት ፈለገች፣ ተቆጥቶ ሂጂ ወይ ቅሪ ቢላት ኖሮ እንዴት ይቀል ነበር!

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ እኔ ምንም አልልሽም» አላት። «አንብቢ ብዬ ልጁን ከእስር ባድን እናትሽን ሜዳ ላይ ጥዬ አልኮራም፤ አታንብቢ ብዬ እህሌን እየበላሁ ፊትሽን ማየት አልችልም። ሂጂ። እዚያ ስትቆሚ ታውቂዋለሽ።»

ግን እኮ አላወቀችውም! በሳምንቱ ሐሙስ አውቶቡስ ውስጥ በላይ አጠገቧ ተቀምጦ ሲሬን አለፉ፣ ባኮን አለፉ፣ ግቤ ድልድይ ላይ ሰዉ ሁሉ ሲንጠራራ እሷ እንኳ ወደ ውኃው አላየችም። በላይ መንገዱን ሁሉ ደግ ነበር። ከፀሐይ በኩል እሱ ተቀመጠ። አምቦ ላይ ምሳ ገዛላት፣ እንጀራውን ሳትጎርስ ስትቆራርሰው ጊዜ ወስደሽ ብዪ አላት። አንዴ ብቻ፣ ጌዶ ዳገት ላይ፣ ያቺ የበቅሎዋ ስንኝ ጥሩ ናት፣ እኔም ያን ቀን ስቄያለሁ ብሎ ሹክ አላት። እሷ ደሞ ከሁሉ የፈራችው ይሄን ጊዜ ነው።

ዓርብ ዩኒቨርሲቲ ደረሰች። ኤግዚቢሽኑን አየችው፣ ሥዕል ነው ለካ፣ ግድግዳ ሙሉ ሥዕል! ግን አንዱንም አታስታውሰውም። በላይ በየሥዕሉ ፊት ሁለት እርምጃ ከኋላዋ ይቆማል። ተማሪዎቹ እየመጡ እጇን ይጨብጣሉ፣ ጀግና ይሏታል፣ አንዱማ ግጥምሽን ሁላችንም በቃላችን ይዘነዋል አላት። ስለ ማንሻው ልትነግረው ጀመረች፤ ፈገግ ብሎ፣ አትፍሪ እህቴ፣ እዚህ ሁላችንም ካንቺ ጋር ነን አላት። ልክ ግራዝማች እንዳሉት።

አሁን አስራ አንድ ሰዓት አልፏል። ከመጋረጃው ኋላ ናት። ከፊቷ የነበረው ልጅ ጨርሶ ወረደ። አዳራሹ ጢም ብሏል፣ መስኮት ላይ ሁሉ ሰው አለ። በላይ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነው፣ ነጭ ጋቢው ከሩቅ ይታያል፣ እርሳስና ወረቀት አውጥቷል። አስተዋዋቂው «የጭሰኛው ድምፅ! ወይዘሪት ድርቤ ታፋ፣ ከነቀምቴ!» ሲል ጭብጨባው ወለሉን አንቀጠቀጠው። እግሯ ይዟት ወደ መድረኩ ወጣ። ወረቀቱ እጇ ላይ ነው። ጭብጨባው ቆመ። አንድ ሰው ሳለ፣ ከዚያ እሱም ዝም አለ። ስድስት መቶ ሰው አፏን ያያል፤ ካነበበች አባቷ፣ ካላነበበች ገቢሳ።

እናንተ ብትሆኑ ኖሮ፣ እውነት እውነቱን፣ ምን ታደርጉ ነበር?