ወንድሜን ያስቀረው ማድረቂያ

እዚህ የጻፍኩት ሁሉ እውነት ነው፤ አንዲት ቃል ጨምሬ ከሆነ ዓይኔ ይፍሰስ። እንዲያውም የሆነውን ቀንሼ ነው የምናገረው፤ ሙሉውን ባወራው ማን ያምነኛል?

የመኪና ቀለም ቤት አለኝ። ቀለሙን የሚረጨው ታናሽ ወንድሜ ነው፤ እናታችን ከሞተች ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። እጁ ጉድ ነው። እሱ በቀባው በር ላይ ዝንብ ስታርፍ አንሸራትቷት ስትወድቅ በዓይኔ አይቻለሁ።

ዝናቡ ሲበረታ፣ ለመርጫው አየር የሚገፋው ኮምፕሬሰራችን ከአየሩ ጋር ውሃ ይተፋ ጀመር። ወንድሜ በረጨ ቁጥር ጠብታ አብሮ ይወጣና ቀለሙ ፈንጣጣ ያረፈበት ፊት ይመስላል። አንዱን በር ሦስት ጊዜ ፍቆ ሦስት ጊዜ ቀባው። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ ሆነ። ደንበኞችም አንድ በአንድ መኪናቸውን እየነዱ ወጡ። በመጨረሻ ወንድሜ የአፍ መሸፈኛውን አወለቀና ድምፁን ሳያነሳ፣

«ጋሼ፣ ሰው የሚያማው የእኔን እጅ ነው። ይኼ በር አሁንም ከተበላሸ እሄዳለሁ» አለኝ።

ማዶ ያለው ቀለም ቤት ከጠራው ቆይቷል። እሱ ከሄደ ለእኔ የሚቀረኝ አራት ግድግዳና አንድ የሚጮህ ብረት ነው።

ስለዚህ አየር ማድረቂያ ልሠራ ተነሣሁ። በጫማ ካርቶን ውስጥ የምትገኘውን፣ እርጥበት የምትመጠውን ትንሽ ከረጢት ታውቋታላችሁ። ከየጫማ ሻጩ አርባ ሺህ ሰብስቤ ቀደድኩ፤ ጣቶቼ አብጠው ማንኪያ መያዝ አቃተኝ። በውስጣቸው ያሉት ፍሬዎች ደረቅ ሲሆኑ ሰማያዊ ናቸው፤ ውሃ ሲጠጡ ሮዝ ይሆናሉ። የእኔን ቁመት የሚያህል ወፍራም ቧንቧ ቆርጬ (እኔ ደግሞ አጭር አይደለሁም) ላይና ታቹን በክዳን በየድኩ። ፍሬው ከአየሩ ጋር እንዳይወጣ የባለቤቴን ሁለት የሻይ ማጥለያዎች ወስጄ አፉ ላይ ገጠምኩ። ሻይ ነው ወይስ ድርቆሽ የምንጠጣው ብላ ሳምንት ሙሉ ቀለደችብኝ። ስሞላው ቸኩዬ ግማሹን ደፋሁት፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ በአራት እግሬ ሄጄ ከዘይትና ከብረት ብናኝ መሃል ለቀምኩ።

ከኮምፕሬሰሩ አፍ ላይ አጥብቄ አሰርኩትና ሞተሩን አስነሣሁ። ፍሬው ሁሉ ዓይኔ እያየ ሮዝ ሆነ፤ ውሃውም እንደ ልማዱ ጠብ አለ። ወንድሜ ቧንቧውን በእጁ ነካው። ያቃጥላል። አየሩ ገና ትኩስ ስለሆነ ውሃውን በእንፋሎት ይዞ እንደሚያልፍ፣ መጀመሪያ ካልቀዘቀዘ የዓለም ፍሬ ሁሉ ቢደፋበት እንደማይበቃው እንደ ሕፃን አስረዳኝ። አልተቆጣኝም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ጥግ ሄዶ ልብሱን በቦርሳ መክተት ጀመረ።

እኔ ግን ካፈርኩ አይመልሰኝ ብዬ ግድግዳው ላይ ሃያ ሜትር ቧንቧ እንደ እባብ አጠማዘዝኩ፤ አየሩ እዚያ እየዞረ እንዲበርድ። ጫፉ ላይ ማድረቂያውን ሰቀልኩ፤ ፍሬውንም በምድጃ አድርቄ ወደ ሰማያዊው መለስኩት። ወንድሜ ቦርሳውን ትከሻው ላይ እንዳንጠለጠለ ቆሞ አየኝ። ለምኜው አይደለም፤ መርጫውን ብቻ አቀበልኩት።

ረጨ። አንዲት ጠብታ የለችም። በሩ እስኪደርቅ ሁለታችንም አልተነፈስንም። ከዚያ በሩ እንደ መስታወት አብርቶ ሽበቴን አንድ በአንድ ቆጠርኩበት። ወንድሜ ቦርሳውን ከትከሻው አውርዶ ሚስማሩ ላይ ሰቀለው።

እዚህ ድረስ ጽፌ ለባለቤቴ አነበብኩላት። የተተረተረ የሥራ ልብሴን እየሰፋች ነበር፤ መርፌውን ልብሱ ላይ ወጋ አድርጋ ተወችው።

«ያን ቧንቧ ስትበይድ እኮ እሱ ከሄደ ወር አልፎት ነበር» አለች ቀስ ብላ። «ማድረቂያውን አንድ ቀን አላየውም። በሩም እንደተፋቀ ነው ያለው።»