አሥራ አራት ወይስ ሃያ አራት

ኳሷ የቅርጫቱን ቀለበት ነክታ ተመለሰችና ልጃገረዶቹ መሃል ወደቀች። አልቪዳስ አውራ ጣቱን ከአንዱ ቁልፍ ወደ ሌላው አሻገረ፣ መልሶ አመጣው። እጁ ላይ ያለችው መሣሪያ ከሳሙና ብዙም የማትበልጥ ጥቁር ሳጥን ናት። አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት ከቅርጫቶቹ በላይ ያለው፣ ኳስ የያዘው ቡድን ለመወርወር የቀረውን ሰከንድ የሚቆጥረው ቀይ ቁጥር ሃያ አራት ይሆናል፤ ሌላውን ሲጫኑት አሥራ አራት። ሦስተኛው ቁልፍ ቆጠራውን ያስቆማል፣ ያስነሳልም። የቱን መቼ እንደሚጫን ከጨዋታው በፊት ደጋግመው ነግረውት ነበር፤ እሱም ራሱን እየነቀነቀ ገብቶኛል ብሎ ነበር። ምንም አልገባውም። ዓይኑን ጨፍኖ ሃያ አራቱን ተጫነ።

ፊሽካ ተነፋ። ዳኛዋ ስኪርማንቴ ጨዋታውን አስቁማ ወደ ጠረጴዛው መጣች። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት፤ ፀጉሯን ወደ ኋላ ጥብቅ አድርጋ አስራዋለች፤ ፈገግታ የሚባል ነገር ፊቷ ላይ የለም።

"ቀለበት ነክታ መልሶ ያገኛት ያው ቡድን ነው" አለች። "አሥራ አራት ነው የሚሰጠው። ሃያ አራት ሌላው ቡድን ቢወስዳት ነበር።"

"ይቅርታ፣ ጣቴ ስቶ ነው።"

"ዛሬስ ጣትዎ አበዛው።"

ከጎኑ ተቀምጦ ነጥብ የሚመዘግበው ሉድቪካስ ሳቀ። ጡረታ የወጣ ፖስተኛ ነው፤ የልጅ ልጁ አምስት ቁጥር ለብሳ ትጫወታለች። "አትፍረጂበት ልጄ" አላት። "በኛ ጊዜ ሠላሳ ሰከንድ ነበር። ቀለበት ከነካች እንደገና ሠላሳ፣ አለቀ ደቀቀ። የድሮ ተጫዋች እጁ የለመደውን ነው የሚያደርገው።"

አልቪዳስ ይህን ምክንያት ሲሰማ በሕይወቱ እንዲህ ያለ ስጦታ የተሰጠው አልመሰለውም። "አዎ፣ ሠላሳ ነበር" አለ። በዚያ ዘመን ሠላሳ ይሁን ሦስት መቶ እሱ አያውቅም። አፍላ ዕድሜውን ያሳለፈው ጣሪያ ላይ ወጥቶ ከአባቱ ጋር እርግብ ሲያበር ነው።

ሌላ አገር ቢሆን ይህ ምንም አልነበረም። በኩፒሽኪስ ከተማ ግን፣ በኩፒሽኪስ ብቻ ሳይሆን በመላው ሊቱዌንያ፣ አንድ ሰው ቅርጫት ኳስ አላውቅም ካለ ሰው ሁሉ ፊቱን አዙሮ ያየዋል። ሰርግ ላይ፣ ለቅሶ ላይ፣ ጥርስ ሐኪም ቤት ወረፋ ላይ ወሬው እሱው ነው። አልቪዳስም ዕድሜውን ሙሉ ሌሎች ሲያማርሩ አብሮ አማሯል፣ ሲስቁ አብሮ ስቋል፤ የወተት ቦቴ እየነዳ ከገበሬ ገበሬ ሲዞር የትናንቱን ውጤት በሬዲዮ ሰምቶ ለደንበኞቹ ይደግምላቸዋል። ነገሩ እዚህ ድረስ ጉዳት አልነበረውም።

ጉዳቱ የጀመረው ከወዳጁ ከዢቪሌ ጋር አብረው መኖር ሲጀምሩ ነው። የመጀመሪያው እሑድ ምሳ ላይ የዢቪሌ አባት ድንች እያቀበለው ጠየቀው። ተጫውተህ ታውቃለህ ወይ ብሎ ቢጠይቀው አይ ብሎ ይገላገል ነበር። ሽማግሌው ያለው ግን "የትኛው ቦታ ላይ ነበር የምትጫወተው?" ነው። ጠረጴዛው ሁሉ መልሱን ይጠብቃል። አልቪዳስ ከሬዲዮ የሰማው ቃል አፉ ላይ መጣና "ጨዋታ አቀናባሪ ነበርኩ" አለ። በዚያች ቅጽበት እስከዚያ ድረስ ከሳህኗ ቀና ያላለችው የዢቪሌ ልጅ ኡግኔ ቀና አለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። እሷም በትምህርት ቤቷ ቡድን ጨዋታ አቀናባሪ ናት፤ ኳሷን ከኋላ እያነጠረች የምታወጣውና ለሌሎቹ የምታከፋፍለው እሷ ናት። የወለዳት አባቷ ኖርዌይ ዓሣ ፋብሪካ ከገባ ወዲህ ልደቷን እንኳ ረስቷል። ያን ቀን ለአልቪዳስ ጨው አቀበለችው። እስከዚያ ድረስ አንድም ነገር አቀብላው አታውቅም።

ከዚያ በኋላ እንዴት ብሎ ይመለስ? ወራት አለፉ። አንድ ማታ ኡግኔ ከፎቁ ሥር ባለችው አስፋልት ላይ ኳስ ስታነጥር ከሥራ ሲመለስ አገኛት። አሠልጣኟ ኳስ ትሸከሚያለሽ ብሎ እንደተቆጣት ነገረችው። በሕጉ እጅ ኳሷን ከላይ ነው የሚመታት፤ መዳፍ ከሥሯ ገብቶ ካቀፋት ጥፋት ነው። "እስቲ እየኝ" ብላ አቅጣጫ ስትቀይር፣ ኳሷን ለአፍታ መዳፏ ላይ አሳርፋ እንደገና ስትለቃት አሳየችው። አልቪዳስ ክንዱን አጣምሮ፣ ዓይኑን አጥብቦ፣ አዋቂ መስሎ አየ። ሲያዩት ደስ ይላል። "ምንም አላጠፋሽም። እንደዚሁ ቀጥዪ" አላት። ልጅቷ ሳቀችለት። እሱም ደረጃውን ሲወጣ ልቡ ቦታ አልበቃትም።

አሠልጣኙ ለዛሬው ግጥሚያ ሰዓት የሚይዝ ወላጅ ሲያፈላልግ ዢቪሌ የእሱን ስም ሰጠች፤ በኩራት ነው የሰጠችው። አልቪዳስ ሳምንቱን ሙሉ በየገበሬው በር ቦቴውን አቁሞ ስልኩ ላይ ሕጉን ሲያነብ ሰነበተ። በአንድ እጅ ይነጠራል፤ በሁለት እጅ ከያዙ በኋላ እንደገና ማንጠር የለም። ይሄ እንኳ ገብቶታል። ኳስ ይዞ ከሁለት እርምጃ በላይ መሄድ ክልክል ነው ይላል፤ ግን በቴሌቪዥን የሚያያቸው ግዙፎች ሦስት የሚረግጡ ይመስለዋል፣ ሕዝቡም ያጨበጭባል። ከራስ ሜዳ በስምንት ሰከንድ መውጣት፤ ከወጡ በኋላ ኳሷን ይዞ አለመመለስ። ተከላካይ ተጠግቶ ሲይዝ ከአምስት ሰከንድ በላይ ኳስ ታቅፎ አለመቆም። ከተቃራኒው ቅርጫት ሥር ቀለም የተቀባው ቦታ ላይ ከሦስት ሰከንድ በላይ አለመቀመጥ። ያም ሆኖ በሃያ አራት ሰከንድ ውስጥ መወርወር፣ ያም ቀለበቱን መንካት አለበት። የየመንደሩን ወተት በሊትር በቃሉ የሚይዝ ሰው እነዚህ ጥቂት ቁጥሮች ተምታተውበት አንዱን ከሌላው መለየት አቃተው። ዢቪሌ እንዳታየው ደግሞ ሽንት ቤት ገብቶ ያነብ ነበር፤ ሆድህን አመመህ ወይ እስክትለው።

ጨዋታው ቀጥሏል። ከፓኔቬዢስ የመጡት ልጃገረዶች ረዘም ረዘም ያሉ ናቸው፤ የኩፒሽኪሶቹ ግን ፈጣኖች ናቸውና ውጤቱ እየተናነቀ ሦስተኛው ሩብ ላይ ደረሰ። አልቪዳስ አንዴ ቁጥሩን፣ አንዴ ኳሷን፣ አንዴ ኡግኔን ያያል። ኳሷን ሲያይ ቁጥሩ ያመልጠዋል። ቁጥሩን ሲያይ ማን እንደያዘ ይጠፋዋል። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተለጥፏል። ዢቪሌ ከተመልካቾቹ መሃል ሆና በእጇ ምልክት ትሰጠዋለች፤ ጎበዝ ማለቷ ነው።

ኡግኔ ኳስ ተሸክመሻል ተብላ ተነፋባት። ግር ብሏት ወደ ጠረጴዛው፣ ወደ እሱ አየች። አልቪዳስ ዓይኑን ወደ ቁልፎቹ ሰበረ። ብዙም ሳይቆይ ያንኑ አድርጋ ያንኑ ተነፋባት። አሁን አሠልጣኙ ከተቀመጠበት ተነሥቶ እጁን ከላይ ወደ ታች እየመታ አሳያት፤ እሷ ትከሻዋን ነቀነቀች። ዳኛዋን የሆነ ነገር አለቻት። ስኪርማንቴ አሠልጣኙን ጠርታ፣ ልጅቷ አንድ ቃል ከጨመረች በዲሲፕሊን እንደምትቀጣት ነገረችው። አሠልጣኙ ተበሳጭቶ በጠረጴዛው በኩል ሲያልፍ፣ ከዳኛ ጋር የሚጨቃጨቅ ልጅ ለፋሲካው ውድድር ወደ ቪልኒውስ ይዤ አልሄድም፣ ማንም ይሁን ማን፣ ብሎ አጉረመረመ። ኡግኔ ስለዚያ ጉዞ ከገና ጀምሮ ስታወራ ነው የቆየችው።

አልቪዳስ ይህን ሰማ። ጥፋቱ የማን እንደሆነም ገባው። በዕለቱ በግልጽ የገባው ነገር ይህ ብቻ ነበር። ልጅቷ ዳኛዋ ተሳስታለች ብላ የምታምነው እሱ ልክ ነሽ ስላላት ነው። ተነሥቶ ቢነግራትስ? ሰዓቱ እየሄደ ነው። ቀይ ቁጥሩ ዘጠኝ፣ ስምንት ይላል። ከጨዋታው በኋላ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ፣ መኪና ውስጥ፣ ብቻችንን ስንሆን፣ ብሎ ራሱን አጽናና።

አራተኛው ሩብ ላይ፣ ኩፒሽኪሶች በአንድ ነጥብ ሲመሩ፣ ኡግኔ ከራሷ ቅርጫት ሥር ኳስ ተቀበለች። አንዲት ረጅም ልጅ መጥታ ተለጠፈችባት። ኡግኔ ወደ ግራ አስመስላ ወደ ቀኝ ስትዞር፣ ያቺ የተረገመች መዳፏ ከኳሷ ሥር ገባች። ፊሽካ።

ኡግኔ ኳሷን ደረቷ ላይ ታቅፋ ቆመች።

"ኳሷን ስጪኝ" አለች ስኪርማንቴ።

"አልተሸከምኩም።"

"ስጪኝ ብዬሻለሁ።"

"አባቴ አይቶታል" አለች ኡግኔ። ድምፅዋ አዳራሹ ውስጥ ላለው ሰው ሁሉ ተሰማ። "አባቴ ጨዋታ አቀናባሪ ነበር። ጥፋት አይደለም ብሎኛል። እሱን ጠይቂው።"

በጣቷ ያመለከተችው ጠረጴዛውን ነው። አልቪዳስ መጀመሪያ ወደ ኋላው ዞሮ ማንን እንደሆነ ሊያይ ነበር። ከዚያ ገባው። እሱን ነው። እስከዛሬ ስሙን እንኳ ስትጠራው በስንት ጭንቅ ነው፤ አባቴ ያለችው ዛሬ ገና ነው፣ ያውም በሰው ፊት። የተሰማው ደስታ ነው፣ ሐፍረት ነው፣ መለየት አቃተው። ዢቪሌ እጇን አፏ ላይ አድርጋለች። ዳኛዋ እያየችው ነው።

"ዝም በል" አለው ሉድቪካስ በሹክሹክታ፣ እስክሪብቶውን እንደያዘ። "የጠረጴዛ ሰው በዳኛ ሥራ አይገባም። እኔ ምን አውቃለሁ ብለህ ትከሻህን ነቅንቅና ተቀመጥ፣ ይረሳል።"

ሽማግሌው ልክ ነው፤ ይረሳል። ቃሉም ለእሱ ይቀርለታል። ኡግኔ ግን ኳሷን አልለቀቀችም፤ ዳኛዋም ፊሽካዋን ወደ አፏ አቅርባለች፤ አሠልጣኙ ተቀያሪ ልጅ ጠርቶ ጃኬቷን እያስወለቃት ነው።

አልቪዳስ ተነሣ። ወንበሩ ከኋላው ተንሸራተተ።

"ኡግኔ፣ ዳኛዋ ልክ ናት" አለ። "እጅሽ ከሥር ይገባል።"

"አንተ እኮ ነህ ልክ ነው ያልከኝ።"

"አላውቅም ነበር። ዋሽቼሽ ነው። ኳስ ተጫውቼ አላውቅም፣ አንድ ቀን እንኳ። ሕጉንም አላውቀውም። ይኼው ይህችን ሳጥን እንኳ መያዝ አቅቶኛል።"

ከተመልካቾቹ አንዱ ወፍራም ሳቅ ሳቀ፤ ከዚያ ሌሎች ተከተሉት። ነገ ወተት ሲሰበስብ በየበሩ ይህ ወሬ ቀድሞት ይደርሳል። የዢቪሌ አባትም ሳይሰማ አያድርም። አልቪዳስ ፊቱ እሳት ሆኖ ቆመ። ኡግኔ የማታውቀው ሰው እንደሆነ ሁሉ ረጅም ጊዜ አየችው። ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ግን አልፈሰሰም። ኳሷን ለዳኛዋ ሰጠች፤ ቀስ ብላ፣ በሁለት እጅ ነው የሰጠቻት፤ ይቅርታ የሚል ቃልም ከአፏ ወጣ። አሠልጣኙ አያትና የጠራትን ተቀያሪ መልሶ አስቀመጣት።

ስኪርማንቴ ጨዋታው እንዲቀጥል ምልክት ሰጠች። አልቪዳስ ተቀመጠ። ሌላ ቡድን ወስዷታል፣ ሌላ ቡድን ማለት ሃያ አራት፣ ብሎ ጣቱን አዘጋጀ። ኡግኔ ወደ መከላከያ ቦታዋ ስትመለስ በጠረጴዛው በኩል አለፈች፤ አልቆመችም፣ አላየችውም።

"አሥራ አራቱን" አለች። "የወሰዷት እኛ ቅርጫት በኩል ነው። ቅርብ ስለሆኑ ሃያ አራት አይሰጣቸውም።"

ምንም ብላ አልጠራችውም፤ አልቪዳስም ብላ፣ አባቴም ብላ። ምናልባት ያቺ ቃል ተመልሳ አትመጣም። አሥራ አራቱን ተጫነ። ከላይ ቀይ ቁጥሩ ተቀየረ፤ ዳኛዋ ቀና ብላ አይታ በይሁንታ ራሷን ነቀነቀች።

አልቪዳስ ወንበሩን ወደ ሉድቪካስ አስጠጋ። ሳቁ ገና ከኋላው አልበረደም፤ ድምፁን ግን ዝቅ አላደረገም።

"አንድ ነገር ልጠይቅህ" አለ። "የኛ ልጅ ነክታ ወደ ውጭ ብታወጣት፣ ኳሷም ተመልሳ ለነሱ ብትሰጥ፣ ያኔ የቱን ነው የምጫነው?"