ከክዳኑ ሥር የሚለጠፈው ቅርንፉድ

ሰርክአዲስ ቤት አንድ ራዲዮ ነበር፤ ዜና ተናግሮ ግን አያውቅም። ኮክ ያበስላል።

ነገሩ ለማያውቅ ሰው ቀልድ ይመስላል። ቀልድም ነው፤ ግን ቀልዱ የባሏ የእምሩ እንጂ የእሷ አይደለም። እምሩ ከአትክልት ተራ ከፍ ብላ በምትገኝ ጠባብ ሱቅ ውስጥ ራዲዮ ይጠግን ነበር። አንድ ጣሊያን ትልቅ የጣውላ ራዲዮ ሊያሠራ ሰጥቶት አገሩ እንደገባ ቀረ። እምሩ ሲጠብቀው ሲጠብቀው ከረመና፣ ከሰል ከገበያ በጠፋበት ዓመት ተስፋ ቆረጠ። የራዲዮውን ሆድ ዕቃ አወጣ፣ ቀፎውን በጭድ ሞላ፣ ጭዱን በአሮጌ ጋቢ ሸፈነና መሃሉን እንደ ዶሮ ጎጆ አጎድጉዶ ለሚስቱ አመጣላት።

«ድስቱን ከሰል ላይ አንዴ አንተክትኪውና እዚህ ውስጥ ቅበሪው» አላት። «የቀረውን ራሱ ይጨርሰዋል።»

«ያለ እሳት?»

«ያለ እሳት። ሙቀቱ መውጫ ከሌለው የት ይሄዳል ብለሽ ነው?»

ሰርክአዲስ አላመነችውም። ባሏ ብዙ ነገር ፈልስፎ ብዙ ነገር ያቃጠለ ሰው ነበር። ቢሆንም እሱን ለማሳፈር ብላ በኮክ ሞከረችው። ኮኩን አጥባ ለሁለት ከፈለች፣ ፍሬውን አወጣች፣ ከድስቱ ሥር የትናንት ፉርኖ ዳቦ ቆራርሳ አነጠፈች፣ ኮኩን ከላይ ደረደረች፣ ከቀበሌ ሱቅ ከመጣው ስኳር ቆንጥራ ነሰነሰችበት፣ ቅርንፉድ ጣል አደረገችበት። አንዴ ሲንተከተክ ከደነችና ጭዱ ውስጥ ቀበረችው። ጠዋት የቀበረችውን ለምሳ ስትከፍተው ኮኩ ሳይፈርስ ለስልሶ፣ ጭማቂው ቀልቶ፣ ዳቦው ጭማቂውን ጠጥቶ አገኘችው። ትኩስ ነበር። እሷ አፏን ይዛ ስትቀር እምሩ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ፣

«ራዲዮው ዛሬ ምን አለ?» አላት።

ከዚያ ወዲህ በየክረምቱ፣ ኮክ በገባ ቁጥር፣ ከሱቅ ሲመለስ ጥያቄው ይህ ብቻ ሆነ። ሰርክአዲስም ጥያቄው ሰልችቷት አያውቅም፤ የሰለቻት መስላ ትስቅ ነበር እንጂ።

ቅርንፉዱ ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ከማግባቷ በፊት ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ትሠራ ነበር፤ የኮኩንም አሠራር የተማረችው እዚያ ነው። እምሩ የኬክ ቤቱን ራዲዮ ሊጠግን መጣ። ትኩስ ኮክ ክዳን ባለው ሳህን አቀረበችለት። አንዴ እንደ ጎረሰ ፊቱ ተጨማደደ፤ ቅርንፉዱን ከአፉ አወጣና እያገላበጠ አየው።

«ሚስማር አለበት» አላት።

«ቅርንፉድ ነው። ለሽታው ነው የሚገባው።»

«ሽታውን ወድጄዋለሁ። ሚስማሩን ግን መልሼልሻለሁ» ብሎ በስኳሩ ከክዳኑ ሥር ለጠፈላት።

ተጋብተውም ይህ አልቀረም። ቅርንፉድ ካልገባበት «ኮኩ ደንቁሯል» ይላል፤ ከገባበት ደግሞ ለቅሞ ከክዳኑ ሥር ይለጥፋል። ሳህን ላይ አይጥልም፣ ጠረጴዛ ላይ አይተውም፤ ሁልጊዜ ከክዳኑ ሥር። አንድ ቀን ለተንኮል ሦስት ቅርንፉድ ከተተችበት። ክዳኑን ስታነሳ ሦስቱም እንደ ሰልፈኛ ተደርድረው ጠበቋት። «አንድም አያመልጠኝም፤ ቤት ስሠራ ይጠቅመኛል» አላት።

በሰባ ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ እምሩን ከሱቁ ወሰዱት። ሊጠገን የመጣ ራዲዮ መርፌው የውጭ አገር ጣቢያ ላይ ቆሞ ተገኘ ነው የተባለው። ራዲዮውን ማን እንዳመጣው፣ መርፌውን ማን እንዳቆመው የጠየቀ የለም። ያን ጊዜ ጠያቂ የሚጠየቅበት ዘመን ነበር።

መጠየቅ ክልክል ነው፤ ስንቅ ማቀበል ግን ይቻላል። ሰርክአዲስ በየቀኑ ሽሮዋን በእንጀራ ጠቅልላ ከእስር ቤቱ የቆርቆሮ አጥር ሥር ትሰለፋለች። ሳህኑ እስር ቤቱ ውስጥ ይገባል፤ ቆይቶ ባዶውን ይመለሳል። እዚያ የሚሰለፍ ሁሉ የሚፈራው አንድ ነገር ነው፤ ዘበኛው ሳህኑን ሳይቀበል «ከዛሬ ጀምሮ ስንቅ አታምጪ» ያለ እንደሆነ። ይህን የተባለች ሴት ምክንያቱን አትጠይቅም። ነጠላዋን ታዘቀዝቅና ትሄዳለች፤ የቀሩትም ወደ መሬት ያያሉ።

ሰርክአዲስ ግን ሳህኑ ባዶውን ሲመለስም ልቧ አያርፍም ነበር። ውስጥ ያሉት ስንቃቸውን በአንድ ላይ አድርገው እንደሚበሉ ትሰማለች። ባዶ ሳህን እንጀራው መበላቱን እንጂ እምሩ መብላቱን አይናገርም። ያለ የሌለ ተስፋዋ በዚያ ሳህን ላይ ነበር፤ ሳህኑ ደግሞ ዲዳ ሆነባት።

ሰኔ አልቆ ኮክ አትክልት ተራ ሲገባ ነው ሐሳቡ የመጣላት።

የመጀመሪያ ቀን ራዲዮውን አዝላ ስትደርስ ተረኛው ዘበኛ ጠብመንጃውን አስተካከለ።

«ቁሚ። ምንድን ነው የተሸከምሽው?»

«ራዲዮ» አለች፣ በልማድ።

ሰልፉ ሁሉ ከእሷ ፈቀቅ አለ። ከኋላዋ የቆሙት ወይዘሮ ለተኪዳን ባይኖሩ ኖሮ የዚያን ቀን እሷም ከባሏ ጋር ታድር ነበር። ወይዘሮ ለተኪዳን ከአክሱም መጥተው ጊዮርጊስ አጠገብ ቅመም ሲነግዱ የኖሩ፣ ልጃቸው አጽብሐ እዚያው የታሰረባቸው አሮጊት ናቸው።

«ወደይ፣ ልጄ፣ ራዲዮ አይደለም፤ ወጥ ቤት ነው» አሉት። «ክፈተውና ይሽተትህ።»

ዘበኛው ጎንበስ ብሎ ከፈተው። የኮኩ እንፋሎት ፊቱን ሲመታው ጠብመንጃውን ረሳ። በማንኪያ አገላብጦ ፈተሸና፣

«ራዲዮው እዚህ ይቅር። ድስቱ ይግባ» አለ።

በዘጠኝ ሰዓት ግድም ድስቱ ተመለሰ። ሰርክአዲስ ክዳኑን ገለበጠችው። ቅርንፉዱ ተለጥፎ ነበር፤ በጭማቂው አብጦ፣ ቀላ ብሎ፣ ልክ መሃሉ ላይ።

ክዳኑን በነጠላዋ ውስጥ ይዛ አለቀሰች። ወይዘሮ ለተኪዳን ደንግጠው ትከሻዋን ያዟት።

«ምን ሆንሽ ጓለይ፣ ልጄ?»

«አለ» አለቻቸው። «እምሩ አለ። በልቷል።»

ከዚያ በኋላ ሐምሌ ሙሉ ዝናቡ አያግዳት፣ ጭቃው አያግዳት፤ ራዲዮውን አዝላ ከሠራተኛ ሰፈር ትወርዳለች። ኮኩ በመንገድ ላይ ጀርባዋ ላይ ይበስላል። ሙቀቱ በጣውላው አልፎ ሲሰማት፣ እምሩ ከኋላዋ የቆመ ይመስላትና ዞር ማለት ትፈልጋለች። እንዴት እንደናፈቃት ለማን ትናገረው? ሰው የሚናፍቀው ሩቅ ያለውን ነው ይባላል፤ እሷን ግን ያንገበገባት ቅርብ መሆኑ ነበር፤ ብትጮህ ይሰማታል። ማታ ማታ ቅርንፉዶቹን ከክዳኑ አላቃ በባዶ የክብሪት ቤት ታስቀምጣለች። ዘበኛውም ለምዷት «ራዲዮው ዛሬ ምን አለ?» ማለት ጀመረ። ለእሱ ጨዋታ ነው። እሷ ግን ይህን ቃል ከሌላ አፍ በሰማች ቁጥር የሆነ ነገር የተሰረቀባት ይመስላታል።

ፍልሰታ ገባች። ኮኩ ቅቤ የለበትምና ከጾም አልተጣላም። ጥሬ ዕቃው ግን እየመነመነ ሄደ። አንድ ጠዋት ወይዘሮ ለተኪዳን ዘንድ ቅርንፉድ ልትወስድ ብትሄድ አሮጊቷ ባዶ ጣሳ አሳዩዋት።

«አልቋል ጓለይ። ከምጽዋ መንገዱ ከተዘጋ ምን ይመጣል? ዛሬን ያለሱ አድርጊው።»

ምልክቷ ለአንድ ቀን መቅረቱ ከፋት። ከክብሪት ቤቱ እንዳትወስድ ደግሞ እነዚያ የእሱ ናቸው፤ እጇ አልሄደላትም። ለአንድ ቀን ነው ብላ ያለ ቅርንፉድ ሠራችው። «ዛሬ ኮኩ ደንቁሯል ሊል ነው» እያለች በመንገድ ላይ ፈገግ አለች።

ድስቱ ተመለሰ። እንደ ልማዷ ክዳኑን ገለበጠች፤ ቅርንፉዱ ተለጥፎ አየች፤ እንደ ልማዷ ደስ አላት፤ ድስቱን ራዲዮው ውስጥ ከትታ መንገድ ጀመረች። ቴዎድሮስ አደባባይን አልፋ ዳገቱን ስትጀምር ነው እግሯ የቆመው።

እሷ ቅርንፉድ አልከተተችም።

ራዲዮውን ከመንገዱ ዳር አውርዳ ክዳኑን አወጣች። ቅርንፉዱ ደረቅ ነው። ጠቁሯል፤ ያን ቀን ኮክ ውስጥ የበሰለ አይደለም። አንድ ሰው ከዚህ ቀደም አስቀምጦት የቆየ፣ በጣቱ ጭማቂ ቀብቶ የለጠፈው ነው።

መጀመሪያ ልቧ ለእምሩ ጠበቃ ቆመ። እሱ ነው፤ ያደርጋል፤ እንዳልደነግጥ ብሎ አስቀምጦ ይሆናል አለች። ይህን እያለች ግን ሌላው ሐሳብ አልተኛላትም። በማግስቱ የክብሪት ቤቱን ከፈተች። ሦስት ቅርንፉድ አወጣችና ኮኩ ውስጥ ከተተች።

እምሩ ከሆነ ሦስቱም ይመለሳሉ። አንድም አያመልጠውም።

ያን ቀን ከሰልፉ መሃል ቆማ ምን እንደተወራ አልሰማችም። ዝናቡ መጥቶ ሄደ። ድስቱ ሲወጣ ወዲያው አልገለበጠችውም፤ ክዳኑን እንደያዘች ቆየች። ከዚያ ገለበጠችው።

አንድ ቅርንፉድ። መሃሉ ላይ፣ በጥንቃቄ የተለጠፈ። አንድ ብቻ።

ሁለቱ ውስጥ ቀርተዋል። ምናልባት ቅርንፉድ ለሚታጣበት ቀን ተቀምጠዋል። ሁሉም ነገር ያኔ ገባት። እምሩ አብረውት ለታሰሩት ነግሯቸዋል። ሚስቴ ይህን ታያለች፣ እኔ ስወሰድ እናንተ ለጥፉላት ብሏቸዋል። የሦስቱን ጨዋታ ግን አልነገራቸውም፤ ወይ አልደረሰም። ወደ ሌላ እስር ቤት ቢዛወር ኖሮ «ስንቁን ወዲያ ውሰጂ» ይሏት ነበር፤ የተዛወረ ሰው ቤተሰብ ይነገረዋል። «አታምጪ» ያልተባለችው ዘበኛው ድስቷን ለምዶ ስም ሳያመሳክር ስለሚያስገባ፣ ውስጥ ያሉትም ስለሚበሉት ነው። እምሩ የለም። ከመቼ ጀምሮ እንደሌለ አታውቅም፤ ከየትኛው ቅርንፉድ ጀምሮ የእሱ እንዳልሆነ አታውቅም። በክብሪት ቤቱ ያሉትን አንድ ላይ ደባልቃቸዋለች፤ አሁን ለይታ ልታለቅስባቸው አትችልም።

ዘበኛው አጠገቧ ቆሟል። ልትጠይቀው ዞረች። ብትጠይቀው ገብቶ ይመለከታል፤ ተመልክቶም «ከነገ ጀምሮ አታምጪ» ይላታል። ያን ጊዜ ውስጥ ያሉት፣ አንዳንዶቹ ከክፍለ ሀገር የመጡ፣ ስንቅ የሚያቀብል ዘመድ የሌላቸው፣ በየቀኑ ሊያጽናኗት አንዲት ቅርንፉድ የሚቆጥቡላት ሰዎች፣ እንዳወቀች ያውቃሉ። ከመካከላቸውም አጽብሐ ይኖራል። ተናደደችባቸው፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቷን በሉት።

ወይዘሮ ለተኪዳን ባዶ ሳህናቸውን ይዘው ቀረብ አሉ።

«ምልክቱ መጣልሽ?»

ሰርክአዲስ ክዳኑን አየችው።

«መጣልኝ» አለቻቸው።

«እልልታ ይገባው ነበር፤ ሰው ፈርተን ነው እንጂ» አሉና እጇን ጨብጠው ሄዱ።

ብቻዋን ስትቀር ቅርንፉዱን ከክዳኑ አላቀቀችና አፏ ውስጥ ከተተችው። በሕይወቷ ሙሉ ቅርንፉድ ስትከት ኖራ ነክሳው አታውቅም። ነከሰችው። መረራት፣ አቃጠላት፣ ቀጥሎ ምላሷን አደነዘዘው። ያ ሁሉ ዓመት ፊቱን ያጨማደደው ይህ ነበር። ሳትተፋው ራዲዮውን አዘለች። ጣውላው ቀዝቅዟል።

ኮክ ሊያልቅ ቀናት ቀርተውታል። ወደ ቤቷ የሚወስደውን ዳገት ትታ፣ ኮኩን የሚተካው ዘይቱን ገብቶ እንደሆነ ልታይ ወደ አትክልት ተራ ታጠፈች።