ለሁለት የተከፈለ ክኒን

ልብስ ሰፊዋ «አንድም ቀን መድኃኒቴን አላቋረጥኩም» ትላለች። ሐኪሙ ደግሞ «ሳንባዋ ውስጥ ያለው የቲቢ ተህዋሲ መድኃኒቱን ተላምዷል፤ በደንብ ብትውጥ ኖሮ ይህ ባልመጣ» ይላል።

የክሊኒኳ ነርስ፣ ሰፈርተኛው ሁሉ ሲስተር የሚላት፣ ማንን እንደምታምን ቢቸግራት ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ቤት ድረስ መጣች። ቤቱ አንድ ክፍል ነው። የስፌት መኪናው መስኮቱ ሥር ተቀምጧል፤ ጠርዛቸው ያልታጠፈ የተማሪ ልብሶች ግድግዳው ላይ ተደርድረዋል። አልጋው ጫፍ ላይ የልብስ ሰፊዋ ታናሽ እህት ሚጡ ቁልፍ ትተክላለች። ሚጡ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ናት።

«ስፒል በከንፈርሽ ይዘሽ የምትውዪ ሰው ክኒን ከበደኝ ብትዪ ማን ያምንሻል?» አለች ሲስተር።

ልብስ ሰፊዋ ሳቀች፤ ሳቋ ወደ ሳል ተለወጠ። ወዲያው ሚጡም ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሳለች።

ሲስተር ቀልዱን ትታ ወደ ሚጡ ዞረች። «አንቺስ ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ብርድ ነው» አለች ታላቂቱ ፈጥና።

ሲስተር የሚጡን ግንባር በእጇ ዳሰሰች።

«ክሊኒክ ብትታይ ከሥራ ያስወጧታል» አለች ልብስ ሰፊዋ በመጨረሻ። «ስለዚህ ተካፈልን። ጧት ጧት ግማሹን እሷ፣ ግማሹን እኔ። አንድ ጡት ጠብተን አድገን መድኃኒት እንሰሳሳ? ግን ይኸው፣ አንድም ቀን አላቋረጥኩም።»

እሷም ሐኪሙም አልዋሹም ነበር። ሲስተር የመቆጣት አቅም አጣች፤ ሚጡ አጠገብ ተቀመጠች።

«መድኃኒቱ ሲያንስ የሚሞቱት ደካሞቹ ተህዋሲያን ናቸው፤ ጠንካሮቹ ይተርፋሉ። ከዚያ የሚባዙት እነሱ ብቻ ናቸው፤ ልጆቻቸውም በእናቶቻቸው ይወጣሉ። አሁን ያንን ክኒን ሙሉውን ብትውጪው እንኳ አይነካቸውም። ሌላ አለ፤ ጊዜው ረጅም ነው፣ ያንገሸግሻል።»

«ይደርስልኛል?»

«እንሞክራለን» አለች ሲስተር፣ ዓይኗን የስፌት መኪናው ላይ ተክላ።

ልብስ ሰፊዋ የገባት ይመስላል። የያዘችውን ጨርቅ አጣጥፋ ጉልበቷ ላይ አኖረችው። «የእኔስ ይሁን። የሷን ግን፣ አፈር ስሆንልሽ፣ ደብቂልኝ። ይቺ ቤት የቆመችው በሷ ደሞዝ ነው። እኔ ብሄድ እንኳ የምትበላው አትጣ።»

«እትዬ፣ ተይ!» አለች ሚጡ። «የልጆቹን ጫማ ሳስርላቸው ፊታቸው ላይ ነው የምተነፍሰው። ትንሿ፣ ያቺ ጭኔ ላይ ካልተኛሁ የምትለዋ፣ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ታስላለች። ጉንፋን ነው እያልኩ አፍንጫዋን እጠርግላታለሁ።»

«ሚጡዬ...»

ሚጡ ግን ተነሥታ ጫማዋን አጠለቀች።

«ሲስተር፣ እኔንም ክሊኒክ ይመርምሩኝ። መጀመሪያ ግን የመዋዕለ ሕፃናቱ ዳይሬክተር ጋ አብረን እንሂድ። የልጆቹን እናቶች ትጥራልኝ፤ እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ።»