ያረመ ይቀጥል

ቅናት የለብኝም የሚል ሰው ካለ ይምጣና የወንድሜን ፊልም አብሮኝ ይይ። እኔ እንደሆነ ቀንቻለሁ፣ አልደብቅም። ሆዴ እርር ድብን ብሏል። ደግሞ የቀናሁት በባዕድ አይደለም፣ በገዛ ወንድሜ ሚስት ነው፤ በዚያች አንድ ቃል ለመናገር ቀጠሮ የምትይዝ በምትመስል ዝምተኛ።

ሥራዬ ሶፋ ማልበስ ነው። ፊልሙ የተሠራበት ጨዋታ የተወለደው እኔ ሱቅ ውስጥ፣ ጨርቅ በምቆርጥበት ጠረጴዛ ላይ ነው። ወንድሜ ያኔ ልጅ ነበር። እናታችን ሥራ ስትሄድ እኔ ላይ ትጥለዋለች፣ እኔም እንዳያስቸግረኝ ብዬ ሶፋ መደገፊያ ላይ በሚሰፋ ቁልፍና በካርቶን "የጨው በር" የሚባል አገር ሠራሁለት። ቁልፎቹ መንገደኞች ናቸው፤ ዳይስ እየጣልን በበረሃው አሳልፈን በሩ ጋ እናደርሳቸዋለን። አንዱ ታሪኩን ይተርካል፣ ሌላው ይጫወታል። በሩ ላይ የምትቀመጠው ባልቴት ግን ሁልጊዜ እኔ ነኝ። ድምፄን አወፍርና ግራ እጄን እንደሞተ ጭኔ ላይ ጥዬ፣ "ለመግባት አንድ ነገር፣ ለመውጣት ሁለት" እላለሁ። ግራው የሞተው ቀኜ ዳይስ መጣል ስላለበት ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም።

አንድ ሕግም አወጣሁ። ወንድሜ በየመሀሉ "አይ፣ እንደሱ አይደለም፣ ትናንት ድልድዩ ተሰብሯል ብለሽ ነበር" እያለ ነፍሴን ሲያወጣት፣ "እንግዲያው ያረመ ይቀጥል" አልኩት። ተራኪውን ያረመ ሰው ከዚያው ላይ ተነስቶ ታሪኩን ራሱ ይቀጥላል ማለት ነው። ጸጥ አለ። አፍ ለማዘጋት ያወጣሁት ሕግ ነበር።

ልጁ አደገ፣ የሰርግ ቪዲዮ አንሺ ሆነ፣ ጨዋታችንንም በሳጥን አድርጎ መሸጥ ጀመረ። ሕጉ ሳጥኑ ላይ በትልቁ ተጽፏል። የማያውቁን ሰዎች በየቤታቸው ጠረጴዛ ከበው የኔን ባልቴት ይጫወቱ ጀመር። ይሁን፣ ደስ አለኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሱቄ ውስጥ መጫወታችንን ግን አልተውንም፤ ካገባ ወዲህ ደግሞ ሚስቱን ይዟት ይመጣል። ፋርማሲ ነው የምትሠራው። ፊት ለፊቴ ትቀመጥና ትንፍሽ ሳትል ስታየኝ ትውላለች። ጨዋታው አልገባትም ብዬ አዝንላት ነበር።

ከዚያ ፊልም ልሥራ አለ። በምን ገንዘብ? በሰርግ ካሜራና በኔ ስፖንጅ። ዘንዶው የሦስት ሰው ሶፋ ስፖንጅ ነው፣ ቆዳው ከደንበኛ የተረፈ አረንጓዴ ሌዘር። እኔው ቆረጥኩት፣ እኔው ሰፋሁት። ስጨርስ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ "ባልቴቷስ መቼ ነው የምትቀረጸው?" አልኩት።

"እትዬ፣" አለኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ "ዘንዶውን ከውስጥ የሚያንቀሳቅስልኝ ሰው የለም። ስፌቱን የምታውቂው አንቺ ነሽ። ባልቴቷን ሚስቴ ትሞክራት።"

እጄ አመድ አፋሽ ነው አልኩ በልቤ። ቀረጻውን ዘንዶ ሆድ ውስጥ አጎንብሼ፣ ላቤ እየተንጠፈጠፈ፣ እሷ የኔን ቃል ስትናገር እየሰማሁ ጨረስኩት። ከዚያ አኮረፍኩ። ስልክ አላነሳ ስለው ሱቅ ድረስ መጣና ቃል ገባልኝ፤ "ሕዝቡ ካልወደዳት፣ ሁለተኛው ክፍል ላይ ባልቴቷ አንቺ ነሽ።" ይህን ቃል ይዤ ጠበቅኩ። ጸልዬም ሊሆን ይችላል፤ ምን ብዬ እንደጸለይኩ ግን አልናገርም።

ፊልሙ በስልክ ተሰራጨ። እኔ አላየሁትም፣ ኩርፊያ ላይ ነኝ። ግን ማን ይተወኛል? ደንበኛ ሶፋ ሊያስለካ ይመጣና ስልኩን ከፍቶ፣ "ይቺን ሴትዮ አይተሻታል? ዘንዶው የተቀደደ ፍራሽ ነው የሚመስለው፣ ባልቴቷ ግን፣ ተያት" ይለኛል። የተቀደደ ፍራሽ። ለዚያ ሰውዬ የሶፋውን እግር አጣምሜ ልሰጠው ምንም አልቀረኝም።

በመጨረሻ ጨዋታውን የሚወዱ ሰዎች አንድ ላይ እንየው ብለው የትምህርት ቤት አዳራሽ ተከራዩ። ወንድሜም፣ "እንግዲህ ሕዝቡን እዚያው እንሰማዋለን" አለኝ። ሄድኩ፣ ከፊት ተቀመጥኩ።

ሰው ፊልሙን በቃሉ ነው የሚያውቀው። የማይኩ እንጨት ከላይ ብቅ ሲል አዳራሹ በአንድ ድምፅ "ዝናብ ሊጥል ነው" ይላል። ዘንዶው ዞር ሲል "ዚፕህን ዝጋ" ይሉታል። በረሃውን የሚያቋርጠው ጀግና የእጅ ሰዓቱን ማውለቅ ረስቶ ኖሯል፤ ሰይፉን ባነሳ ቁጥር "ስንት ሰዓት ሆነ?" ብለው ይጠይቁታል። ደስታዬ ወሰን አጣ። ሳቁ ልጆቼ፣ ሳቁ፣ እያልኩ አብሬ ሳቅሁ። እሷ ስትመጣ በዚሁ አፋቸው ይዘነጣጥሏታል ብዬ እኮ ነው።

ባልቴቷ ስትመጣ ጸጥ አሉ። ወንበር እንኳን አልተንቋቋም። "ለመግባት አንድ ነገር" አለች፣ ከየት እንዳመጣችው በማላውቀው ድምፅ። "ለመውጣት ሁለት" አሉ ሁሉም፣ ቀስ ብለው። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ እንባዋን እየጠረገች፣ "ይቺ ሰው እስከዛሬ የት ነበረች?" አለችኝ። ፋርማሲ፣ ልላት ነበር። ያ እንባ የኔ ነው፤ እኔ ከካርቶን የሠራኋትን ሴት አይታ ነው የምታለቅሰው፣ ግን ዞር ብላ እንኳን አላየችኝም።

ያኔ ነው እጇን ያስተዋልኩት። ጭኗ ላይ የሞተው ቀኟ ነው። ተሳስቼ ይሆን ወይ ብዬ ደግሜ አየሁ። ቀኟ ነው። ሌባዬን እጅ ከፍንጅ ያዝኳት አልኩ።

ፊልሙ አልቆ መብራት በራ፣ ወንድሜና ሚስቱ መድረክ ላይ ወጡ፣ አስተያየት ያለው ይናገር ተባለ። አንዱ ዘንዶውን አደነቀ፤ ውስጡ ማን እንደነበር የጠየቀ የለም። ሌላው፣ "ባልቴቷን ከቀየራችኋት ሳጥናችሁን እመልስላችኋለሁ" አለና ተጨበጨበለት። ወንድሜ በጭብጨባው መሀል ዓይኑን ወደኔ ጣል አደረገ። ሰማሽ አይደል፣ ማለቱ ነው። ተነስቼ ማይኩን ከሰውዬው እጅ ወሰድኩ።

"እርማት አለኝ" አልኩ። "የባልቴቷ የሞተው እጅ ግራው ነው። ፊልሙን በሙሉ በተሳሳተ እጅ ነው የተጫወተችው።"

ደስ አለኝ፣ ምን እዋሻለሁ።

ወንድሜ አፉን ሲከፍት ሚስቱ ቀደመችው። "እትዬ፣" አለች፣ ለበሽተኛ የመድኃኒት አወሳሰድ በምታስረዳበት ድምፅ፣ "ባልቴቷን የተማርኳት ከአንቺ ነው። ሁልጊዜ የምቀመጠው ፊት ለፊትሽ ነው። ያንቺ ግራ በኔ በኩል ቀኝ ነው። ቤት ስለማመድ እንዳየሁሽ ነበር የማደርገው።" ወደ ሕዝቡ ዞረች። "ባልቴቷ እሷ ናት። እኔ የቀዳኋት ነኝ።"

ለዚህም አጨበጨቡላት። የፈጣሪ ያለህ፣ እኔን አመስግና ጭብጨባው ለእሷ ሄደ። ልጠላት ፈለግኩ፣ በየት በኩል እንደምጀምር ጠፋኝ።

ከኋላ አንድ ሰው "ያረመ ይቀጥል" አለ። ሌሎች ተቀበሉት፣ እግራቸውን እየመቱ። ሕጉን ከሳጥኑ ላይ ነው ያነበቡት፤ ማን እንዳወጣውና ማንን ዝም ለማሰኘት እንዳወጣው ማን ነግሯቸው? በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ። በገዛ ሕጌ ተይዤ መድረክ ላይ ወጣሁ።

ወንድሜ ወንበር አቀረበልኝ። ልቤ ግን ዘለለች፤ ይኸው ዕድሌ አልኩ። ተቀመጥኩ፣ ግራ እጄን ጭኔ ላይ ጣልኩ፣ ፊልሙ ካቆመበት ያዝኩ። ስንት ዓመት የኖርኩበት ድምፅ ነው፣ ሳልጠራው መጣ። "መንገደኛ፣ በሩስ ተከፍቷል፤ የመጣህበትን መንገድ ግን ጨው በልቶታል።" ሰሙኝ። በእውነት ሰሙኝ፤ ያቺ ባለ እንባ ሴትዮ አፏን ከፍታ ቀርታለች። ቀኝ እጄን ወደ በሩ ዘረጋሁ።

አንዲት ባለ መነጽር ወጣት እንደ ተማሪ እጇን አወጣች። "ይቅርታ፣" አለች፣ ክፋት የለባትም፣ "ቀኙ መንቀሳቀስ የለበትም። እኛ የምናውቃት ባልቴት የሞተው ቀኟ ነው።"

ሳቁ። ከዚያ እንደገና "ያረመ ይቀጥል" ተጀመረ። ልጅቷ ደንግጣ "ኧረ ብቻዬን አልችልም" አለች፣ አንዱም "በቃ ሁላችንም እንቀጥል" አለ። አዳራሹ በሙሉ ቀኝ እጁን ጭኑ ላይ ጣለ። "ለመግባት አንድ ነገር" አሉ፣ "ለመውጣት ሁለት።"

እኔ ፊት ለፊታቸው ተቀምጫለሁ። የኔ ግራ ጭኔ ላይ ነው፣ የነሱ ቀኝ ጭናቸው ላይ ነው፤ ከመድረኩ ሆኜ ሳየው እንደ መስታወት ነው፣ ያ ሁሉ ሰው እኔን ይመስላል። በየወንበሩ እኔ ተቀምጫለሁ። አንዳቸውም ግን አላወቁኝም። ማልቀስም መሳቅም አማረኝ፣ ሁለቱንም ሳላደርግ ከመድረኩ ወረድኩ።

ሁለተኛው ክፍል የእሷ ሆነ፣ ሌላ ምን ሊሆን ኖሯል። ለኔ ወንድሜ፣ "እትዬ፣ ዘንዶው በሚቀጥለው ሁለት ራስ ይኖረዋል" ብሎ አበሰረኝ። እንኳን ደስ ያለሽ መባሌ ነው።

ቅዳሜ እንደ ልማዳቸው መጡ። ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ቁርጥራጭ ጠረግኩ፣ ቁልፎቹን ደረደርኩ። እሷ ፊት ለፊቴ ያለውን ወንበር ልትስብ ስትል፣ "ተይው" አልኳት። ክው አለች። ወንድሜም ጠብ ሊነሳ ነው ብሎ በመሀላችን ቆመ። ቅናቱ እንደሆነ አለ፣ የት ይሄዳል፤ አሁን ሳወራችሁ ራሱ ያቃጥለኛል። ግን ባልቴቴ እጇ ተገልብጦ አገር ለአገር ስትዞር ማየት ከቅናቱም ይብሳል። ከስፌት ማሽኑ ሥር በርጩማውን ጎትቼ ከጎኔ አስጠጋሁት።

"እዚህ ተቀመጪ" አልኳት። "መሰረቄ ካልቀረ፣ በትክክል ስረቂኝ።"